ሀገር ቤት የተከራየኋት ፕለግ ኢን ሃይብሪድ፦ ነዳጇ፣ መብራቷና አከራይዋ

ዘንድሮ ለእረፍት ሀገር ቤት ስገባ መኪና የያዝኩት ከአንድ አነስተኛ አከራይ ነው። የደረሰችኝ ቶዮታ ራቭ ፎር ፕለግ ኢን ሃይብሪድ ናት፤ የቤንዚን ሞተርም፣ ከሶኬት ቻርጅ የሚደረግ ባትሪም አላት ማለት ነው። በአውሮፓው መለኪያ በ100 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ቤንዚን ትበላለች ይባልላታል። አከራዩም ይቺን ቁጥር በትልቁ ጽፎ ለጥፏታል።

መኪናዋ ንጹሕ ናት። ርክክቡም ፈጣን ነበር። የኋላ ኮፈኑን ብከፍት ግን የቻርጅ ገመድ የለም። ልጁን ብጠይቀው ሳቅ ብሎ «ጋሼ፣ ገመዱ ምን ያደርግልዎታል? ቤንዚን ይሞላሉ እንጂ!» አለኝ። ነዝንዤ ነዝንዤ ከመጋዘን ተፈልጎ መጣ። ከነፕላስቲኩ ነው፤ እጅ አልነካውም። ከእኔ በፊት የተከራያት ሁሉ በቤንዚን ብቻ ነድቷታል ማለት ነው።

የዚህች መኪና ባትሪ 18.1 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። በእሱ የተነሳ ሶኬት ላይ ከማትሰካው ከተራዋ ሃይብሪድ ራቭ ፎር ወደ 200 ኪሎ ትከብዳለች። ቻርጅ ካልተደረገች ያንን ሁሉ ክብደት በነዳጅ ተሸክሞ መዞር ነው። 1 ሊትር የሚለው ቁጥር የተገኘውም አብዛኛው መንገድ በመብራት ይሄዳል ተብሎ ስለተሰላ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ከራሳቸው ከመኪኖቹ የተሰበሰበውን መረጃ ሲያይ፣ የፕለግ ኢን ሃይብሪዶች የካርቦን ልቀት በወረቀት ከተጻፈው በአማካይ 3.5 እጥፍ ሆኖ አገኘው። አይሲሲቲ የተባለው የትራንስፖርት ጥናት ድርጅትና አጋሮቹ በ2022 ያወጡት ጥናት ደግሞ የበለጠ ይናገራል። የግለሰብ መኪኖች በ100 ኪሎ ሜትር ከ4 እስከ 4.4 ሊትር፣ የድርጅት መኪኖች ከ7.6 እስከ 8.4 ሊትር ይፈጃሉ። ነዳጁን ድርጅቱ ከከፈለለት ማን ማታ ማታ ገመድ ይጎትታል? የኪራይ መኪናም ያው ነው።

እኔ የሰካኋት አጎቴ ግቢ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ቤት ውስጥ በነበረው ቀጭን ኤክስቴንሽን ሞከርን። ትንሽ ቆይቼ ሶኬቱን ብነካው ይፋጃል። አጎቴ «ኧረ ይሄ ነገር ቤቱን እንዳያነድብን!» ብሎ ነቀለው። ልክ ነው፤ ቻርጅ ማድረግ ውሃ እንደማፍላት ለአፍታ አይደለም፣ ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ከብሬከሩ ወፍራም ሽቦ ለብቻው ዘረጋ፣ መሬት መስመሩንም አስተካከለ። በጉዞዬ ካገኘሁት አገልግሎት ሁሉ አንደኛ እሱ ነው። ሥራው ጥንቅቅ ያለ፣ ወሬ የሌለው ሰው።

ከዚያ በኋላ ማታ ሰክቶ መተኛት ነው፤ ሲነጋ ሙሉ ናት። ቆጣሪውን እያየሁ ብመዘግበው፣ ባዶውን ባትሪ ለመሙላት ወደ 16 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል (ባዶ ነኝ ሲል እንኳ ጥቂት ያስቀራል)። በከተማ ቀስ ብዬ ስነዳ በዚያ 70 ኪሎ ሜትር አካባቢ እሄዳለሁ። ይሄ የአሜሪካው መለኪያ ከሚሰጣት 68 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ያለ ቻርጅ ስትነዳ ደግሞ በዚያው መለኪያ በ100 ኪሎ ሜትር 6.2 ሊትር ግድም ነው ፍጆታዋ። ስለዚህ 1 ሊትር ቤንዚን የሚያስኬደውን መንገድ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል መብራት ያስኬደዋል። የሊትሩን ዋጋ ለ3.7 አካፍሉት። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከዚያ በታች ከተሸጠላችሁ ስኩ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ተዉት።

ይቺ ስሌት የእንግዳ ማረፊያው ላይ ጠቀመችኝ። ክፍሉ ደህና ነው፣ አቀባበላቸውም ደስ ይላል። ለአንድ ሌሊት ቻርጅ የጠየቁኝ ግን 6 ሊትር የሚገዛ ገንዘብ ነው! ሙሉ ባትሪ የሚያድነው 4 ሊትር ከትንሽ ቢሆን ነው። አመስግኜ ሳልሰካ ተኛሁ።

ረጅም መንገድ ላይ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ተራ ሃይብሪድ ናት። ፍጥነት ሲጨምር ከ6 ሊትር ወደ 7 ትጠጋለች። ቁልቁለት ላይ ጥቂት ትመልሳለች፣ ግን ለዳገት ያወጣችውን ሁሉ አትመልስም። የአከራዩ ልጅ «እየነዱ በሞተሩ ባትሪውን ይሙሉት» ብሎኝ ነበር። ቁልፉ እውነትም አለ፣ ግን ቤንዚን አቃጥሎ መብራት ማምረት ነው። ሲጫኑት የፍጆታው ቁጥር ወዲያው ይንራል። ይልቅ ከመነሻው ባትሪውን ለከተማ ቆጥቦ፣ አውራ ጎዳናውን በቤንዚን መሄድ ይሻላል።

ጥገናን በተመለከተ፣ የፍሬን ሸራዋ ብዙ አይበላም፤ ፍጥነቷን በአብዛኛው የምትቀንሰው በኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው። የሞተር ዘይት ግን በጊዜው መቀየሩ አይቀርም፣ ቤንዚን ባትነካም።

አንድ ነገር ለተከራዮች። የእኔ ውል ነዳጅ ሙሉ ሆኖ ይመለስ ይላል፤ ስለ ባትሪው አንድም መስመር የለውም። ስለዚህ በዋዜማው ማደያ ገብቼ ሞላሁ፣ ማታ ሰካኋት፣ የመጨረሻውን ቀን በመብራት ብቻ ዞርኩ። ስመልሳት የነዳጁ ምልክት ከሙሉ ንቅንቅ አላለም፣ ባትሪው ባዶ ነው። ተቀባዩ ነዳጁን አይቶ ፈረመልኝ።