ኢኮን 1011፦ ቁጥር ለሚፈራ አንባቢ

በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን (የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት) ፕሮግራም ሲመለስ በያኔው ሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የተዘጋጀው የኢኮኖሚክስ መግቢያ (ኢኮን 1011) ሞጁል ከስልክ ስልክ በፒዲኤፍ ይዞራል። 6 ምዕራፍ ነው። ታሪክ ወይም ሥነ ጽሑፍ ልማር ብሎ ለመጣ ልጅ ትምህርቱ በስሙ አዲስ ባይሆንም፣ በሃይስኩል ትርጉሙን ሸምድዶ ካለፈ ከእኩልታው ጋር የምር የሚተያየው እዚህ ነው።

ምዕራፍ 1 ንባብ ለሚወድ ሰው አልጋ በአልጋ ነው። ችግሩም ይኸው ነው፤ ደጋግሞ ያነበዋል፣ ፈተናው ግን ከ2 እስከ 5 ባሉት ላይ ይበረታል።

ምዕራፍ 2ን በወረቀትና በእርሳስ እንጂ በዓይን ብቻ አታንብቡት። ፍላጎት Qd = 100 − 2P፣ አቅርቦት Qs = 10 + P ቢሆን ሁለቱን ስታስተካክሉ ዋጋው 30፣ መጠኑ 40 ይመጣል። እስከዚህ ማንም ይደርሳል። የሚሳሳቱት ሥዕሉ ላይ ነው። እኩልታው መጠንን በዋጋ ይገልጻል፤ ሥዕሉ ግን በቆየ ልማድ ዋጋን ቁመቱ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ ከመሣላችሁ በፊት P = 50 − Q/2 ብላችሁ ገልብጡት። መስመሩ ቁመቱን 50 ላይ፣ አግድሙን 100 ላይ ይነካል። የኢላስቲሲቲ (ዋጋ ሲለወጥ መጠኑ በምን ያህል ይለወጣል የሚለው) ስሌት የሚፈልገው −2ን ነው፦ −2 × 30/40 = −1.5። ከሥዕሉ ላይ −½ን ያነሳ ተማሪ −0.375 ያገኝና፣ ምልክቱን ትተን ከ1 ስለሚያንስ፣ «ዋጋ ቢጨመር የሻጩ ገቢ ያድጋል» ብሎ የተገላቢጦሹን ይጽፋል።

ቋንቋ የሚወድ ልጅ የሚበልጥበትም ቦታ አለ። «ፍላጎት ጨመረ» እና «የተፈለገው መጠን ጨመረ» አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ኩርባው ራሱ ቦታውን ይለቃል (ገቢ ሲጨምር፣ የተተኪው ዕቃ ዋጋ ሲንር)። በሁለተኛው ዋጋው ብቻ ይለወጥና በዚያው ኩርባ ላይ እንሄዳለን። ምርጫ ጥያቄዎች እዚህች ላይ ያደባሉ።

ምዕራፍ 3 (የሸማች ባሕርይ) ዴሪቬቲቭ (የለውጥ መጠን ስሌት) ይጠይቃል፤ ብዙ አይደለም፣ ማካበዱ ይበዛል። የሸማቹ እርካታ U = XY ከሆነ የX ማርጂናል ዩቲሊቲ (አንድ ተጨማሪ X የሚጨምረው እርካታ) Y፣ የY ደግሞ X ነው። ገቢ 100 ብር፣ ዋጋቸው 5 እና 10 ብር ይሁን። የማርጂናል ዩቲሊቲዎቹ ጥምርታ ከዋጋዎቹ ጥምርታ ጋር ሲስተካከል Y/X = 5/10 ይሆናል፤ ይህ ማለት X = 2Y ነው፤ በጀቱ ውስጥ ሲገባ X = 10፣ Y = 5።

ምዕራፍ 4 (ምርትና ወጪ) ላይ ሁሉም የሚጠይቀው «ማርጂናሉ (አንድ ተጨማሪ ሠራተኛ የሚጨምረው ምርት) እየወረደ አማካዩ እንዴት ይወጣል?» የሚለውን ነው። ኩሙላቲቭ ጂፒኤ አስቡ። ኩሙላቲቩ 3.2 የሆነ ተማሪ ባለፈው ሴሚስተር 3.8፣ ዘንድሮ 3.6 ቢያመጣ ውጤቱ ወርዷል፣ ኩሙላቲቩ ግን አሁንም ይወጣል። አዲሱ ውጤት ከኩሙላቲቩ በታች ሲሆን ነው መውረድ የሚጀምረው። የማርጂናል ምርት ኩርባ የአማካዩን ጫፉ ላይ የሚያቋርጠው በዚህ ምክንያት ነው። የወጪዎቹም እንዲሁ ነው፤ እዚያ የሚቋረጠው የአማካዩ ወለል ነው።

ምዕራፍ 5 (የገበያ ዓይነቶች) ያለ 4 አይገባም። ምዕራፍ 6 (የአገር ምርት፣ የዋጋ ንረት፣ ሥራ አጥነት) ግን በሌሎቹ ላይ ብዙም አይደገፍም፤ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ካልደረሰባችሁ ከ2 በኋላ አንብቡትና ወደ 3 ተመለሱ። ከ2 እስከ 4 ያሉትን ደግሞ አሳትሟቸው፤ የስልክ ስክሪን ላይ የኩርባዎቹ ፊደላት ይደባለቃሉ።