ልጄን ከ«ቴንሽን» ያወጣልኝ አስጠኚ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። የፊዚክስ አስጠኚ የምትፈልጉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። ዘንድሮ ቤታችን «ቴንሽን» የሚባል ነገር ገባ። እኔ የማውቀው ቴንሽን የቤት ኪራይ ሲደርስ የሚይዘኝን ነው። ለካ የገመድም አለ፤ ገመድ ሲወጠር ገመዱ ላይ የሚመጣው ጉተታ ነው አሉ!

መጀመሪያ አንድ ማጠናከሪያ ቦታ አስመዘገብኳት። የ3 ወር ቀድመው ተቀበሉኝ። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ አስተማሪው ፎርሙላ ጽፎ ይወጣል። ብሬን መልሱ ብል ደረሰኙ ላይ «አይመለስም» የሚለውን አሳዩኝ። ቀጥሎ ቤት ድረስ የሚመጣ አገኘሁ። የእሱ ዓይን ደግሞ ስልኩ ላይ ነው። አንድ ቀን «አንቺ ለፊዚክስ አልተፈጠርሽም» አላት። ያን ማታ እራት አልበላችም። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

የአሁኑን የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ወጣት ልጅ ነው። ገና በመጣ ቀን ደብተሯን ዘጋና «እትዬ፣ ገመድ አለ?» አለኝ። የልብስ ማስጫዬን ፈታሁለት። እህቴ ከዱባይ ያመጣቻትን የሻንጣ ሚዛንም ጠየቀኝ። ገመዱን ለሁለት ቆርጦ ሚዛኗን መሀል ላይ አሰራት። (ገመዱን በሳምንቱ ተክቶልኛል፣ ሳልጠይቀው።) አንዱን ጫፍ በረንዳው ብረት ላይ አሰረና «ጎትቺ» አላት። 10 ኪሎ።

ከዚያ ጫፉን ከብረቱ ፈትቶ ለታናሽ ወንድሟ ሰጠው። «አሁን እሱም በ10፣ አንቺም በ10 ብትጎትቱ ስንት ይላል?» ልጄ 20 አለች። እኔም በሆዴ 20 ብያለሁ። አልሳቀባትም። «እስቲ ሚዛኗን እንጠይቃት» አለ ብቻ። ጎተቱ። 10!

ልጄ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ቅድም ብረቱም ይጎትተኝ ነበር ማለት ነው?» አለች። አጨበጨበላት። እኔ ወደ ኩሽና ገባሁ፣ እንባዬ መጥቶ።

የኒውተን ሦስተኛ ሕግ (የጎተትሽው ነገር እኩል መልሶ ይጎትትሻል የሚለው ነው አሉ) እያሉ የቀጠሉት ብዙም አልገባኝም። ግን ለእኔም ደርሶኛል። የልብስ ገመዴ እርጥብ ብርድ ልብስ ባሰጣሁ ቁጥር ይበጠስ ነበር። እንዲጠነክር ብዬ እንደ ክራር ነበር የምወጥረው። «እትዬ፣ ትንሽ ይርገብ። ቀጥ ባለ ቁጥር ገመዱ ላይ የሚመጣው ጉተታ ከብርድ ልብሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ይበልጣል» አለኝ። ልጄ ደግሞ ሥላ አሳየችኝ፦ ከብርድ ልብሱ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ የገመዱ ወገኖች በመሀላቸው 120 ዲግሪ ሲከፈቱ እያንዳንዱ ሙሉውን ክብደት ያህል ይጎተታል፣ ከዚያ በላይ ሲዘረጋ ይብሳል። አረገብኩት። ይኸው እስከ ዛሬ አልተበጠሰም።

ልጄ አንደኛ አልወጣችም፣ አልዋሽም። አሁን ግን ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ ትጠይቃለች። እሱም ሰዓቱ ቢያልፍ አይቆጥርም፤ ነገሩ ሳይገባት ተነስቶ አያውቅም። እባካችሁ ልጆቻችሁን ውሰዱለት። ተባረክ የኔ ልጅ!

ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እልካለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የእኛ ናት፣ እንዳትነኩብን።