ድርጅቴ ሲዘጋ ከጎኔ ለቆመችው ጠበቃ

ይህን ለመጻፍ ጉዳዩ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው ባለገንዘብ (ዕዳ የሚጠይቀኝ) ከዋስትና ነጻ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ ሰጠኝ። አሁን በሙሉ ልቤ ማመስገን እችላለሁ።

ትንሽ የህትመት ድርጅት ነበረኝ። 6 ዓመት ሠራን። ትልቁ ደንበኛችን ሲሄድ ግን መቆም አቃተን። ኃላፊነቱ የተወሰነ ማህበር ስለሆነ ድርጅቱ ሲዘጋ ዕዳውም አብሮ የሚዘጋ መስሎኝ ነበር። ጠበቃዋ ይህን ሰምታ አልተከራከረችኝም። «የፈረምሽውን ወረቀት ሁሉ ይዘሽ ነይ» አለችኝ።

ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ እርሳስ ይዛ፣ ፊርማዬን ትፈልግ ጀመር። የብድሩ ውል ላይ ሁለት ቦታ ፈርሜያለሁ። የላይኛው የድርጅቱ ማህተም አርፎበታል፤ «ሥራ አስኪያጅ» ይላል። የታችኛው ማህተም የለውም፤ ስሜና የቤቴ አድራሻ ነው ያለው። እርሳሷን እሱ ላይ አሳርፋ «እዚህ ጋ ዋሷ አንቺ ነሽ» አለችኝ፤ ድርጅቱ ካልከፈለ በግሌ እጠየቃለሁ ማለት ነው። ስፈርም ለምን ሁለቴ እንደሆነ አልጠየቅኩም ነበር።

ከ11 ባለገንዘቦች እኔን በግል የሚይዙኝ 3 ሆነው ተገኙ፦ አበዳሪው፣ የቢሮው አከራይና አንድ ወረቀት አቅራቢ። እኔ ደግሞ የደወለልኝን ሁሉ ከኪሴ ልከፍል ተነስቼ ነበር። አስቆመችኝ። የድርጅቱን ገንዘብም ዋስ ለሆንኩባቸው ብቻ መርጬ እንዳልከፍል አስጠነቀቀችኝ፤ ሌሎቹ ባለገንዘቦች በፍርድ ቤት ሊያሰርዙት ይችላሉ። ለወረቀት አቅራቢው የሰጠሁት ዋስትና ወደፊት የሚወሰደውንም ዕቃ ይጨምራል። ከዚያ ቀን በኋላ ለሚወጣ ዕቃ ዋስ እንዳልሆንኩ የሚገልጽ ደብዳቤ ያኔውኑ አጻፈችኝ። ቢሮውንም ሳናጓትት አስረከብን፤ ኪራዩ በቆጠረ ቁጥር የሚቆጥረው በእኔ ላይ ነበርና።

የከበደኝ የወንድሜ ነገር ነው። ብድሩ ላይ እሱም ዋስ ሆኖ ፈርሞልኛል። ውሉ «በአንድነትና በነጠላ» ይላል። አበዳሪው ከፈለገ ሙሉውን ከእሱ ብቻ መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። «ወንድምሽ ያውቃል?» አለችኝ። ዝም አልኩ። «የአበዳሪው ደብዳቤ ሳይደርሰው ዛሬውኑ ንገሪው።» ማታ ነገርኩት። ብዙ ቆይቶ «ስንት ነው?» አለ እንጂ አልተቆጣኝም። አብረን ወደ እሷ ስንሄድ መጀመሪያ ያለችው የእኔ ጠበቃ መሆኗን፣ እሱ ከፈለገ የራሱን ማማከር እንደሚችል ነው። ከሁለታችን ማን ምን ያህል እንደሚሸፍን፣ ከድርሻው በላይ የከፈለ ከሌላው እንዴት እንደሚያስመልስ በጽሁፍ አስቀመጥን። ዛሬም ወንድምና እህት ሆነን የምንበላው በዚያ ወረቀት ይመስለኛል።

አንድ ጊዜ ተጨንቄ መኪናዬን በእናቴ ስም ላዞር ብያት ነበር። «ይህን አላደርግልሽም» አለችኝ። ዕዳ ለመሸሽ የተላለፈ ንብረት በፍርድ ቤት ሊመለስ ይችላል፤ አበዳሪውም አንዴ ካላመነን አይደራደረንም። በምትኩ ያለኝን የሌለኝን አስመዝግባ ወደ አበዳሪው ይዛኝ ሄደች። ማሽኖቹን በሐራጅ ከሚሸጡ እኛው ገዢ ፈልገን እንድንሸጥ ተስማሙ። ቀሪውን በየወሩ ከፈልን።

ከፍዬ ስጨርስ ደረሰኝ ይዤ መጣሁ። «ደረሰኝ መክፈልሽን ነው የሚያሳየው። ከዋስትናው እንደለቀቁሽ በጽሁፍ ይስጡሽ፤ ለወንድምሽም እንዲሁ» አለችኝ።

ክፍያዋን በመጀመሪያው ቀን በጽሁፍ ነግራኛለች፤ አንድም ቀን አልጨመረችም። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ሥራችሁ መንገዳገድ እንደጀመረ ሂዱ። እኔ የሄድኩት ክስ ሊመጣ ሲል ነው፤ እሷም ሌሊት ሁሉ መሥራት ነበረባት።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የወንድሜን ደብዳቤ በእጄ ወስጄ ሰጥቼዋለሁ።