የአባዬን ፔጆ ከግፊ ላዳነልን ኤሌክትሪሺያን ትልቅ ምስጋና

ሰላም ድሬዎች! ሳቢያን ሰፈር የሚሰራ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ላመሰግን ነው። ስሙን ሳላስፈቅደው እዚህ አልፅፍም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አውሩኝ።

አባዬ ፔጆ 404 አለው። ባጃጅ ከመምጣቱ በፊት እዚህ ታክሲ ማለት እሷ ነበረች፣ እኛንም ያሳደገችን እሷ ናት። አሁን ስራ አቁማለች ግን አባዬ ሐረር እህቱ ጋ ይመላለስባታል። ዘንድሮ ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለች፣ ሞተሪኖው (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው) ቀጭ ቀጭ ብሎ ዝም፣ የሰፈር ልጆች ናቸው በግፊ የሚያስነሱልን። አንድ ጋራዥ ባትሪው ሞቷል አለን ቀየርን፣ አራት ወር ሳይሞላው ያው፣ ሌላው ደግሞ ዲናሞው (ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው) ነው ብሎ ፈታ ጠገነ አሁንም ያው። ባለፈው ወር ሐረማያ ላይ ሽንኩርት ልግዛ ብሎ ሲያጠፋት እንቢ አለች፣ ደውሎልኝ «በቃ በብረት ዋጋ ትሸጥ» ሲለኝ ድምፁን ሰምቼ አላስቻለኝም።

ይሄ ልጅ ግን መፍቻ እንኳን አላነሳም መጀመሪያ። የቮልት መለኪያ ቴስተሩን አምጥቶ ሞተሩ እየሰራ መብራት አስበርቶ ዲናሞው ላይ ለካ 14.1 ቮልት፣ ባትሪው ፖል ላይ 12.9። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ ሲያደርግ ዜሮ አካባቢ መሆን ሲገባው 1 ቮልት አሳየው። «አባባ ባትሪህም ዲናሞህም ደህና ናቸው፣ ማሳህ ነው» አለው፣ ማሳ ማለት የባትሪውን ኔጌቲቭ ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው ነው። የማሳውን ሽቦ ቡሎን ሲፈታው ስሩ ከቀለሙ በታች ዝገት በልቶታል፣ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው የሚመስለው። ብርጭቆ ወረቀት አሽቶ አዲስ ወፍራም ሽቦ አሰረበት፣ ባትሪው ላይ 13.9 ገባ። ለካ ባትሪው አንድም ቀን ጠግቦ አያውቅም ነበር፣ ሳይሞላ ሲከርም ደግሞ ውስጡ ሰልፌት ይጋግርና ይሞታል፣ የመጀመሪያውም የሞተው በዚህ ነው አለን። ሲያድር ሞተሩ ሳይነሳ ስትለኩት 12.6 አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12 ከሆነ ግን ባዶ ሊሆን ነው።

የድሬ ሙቀት የባትሪ ውሃ ስለሚያደርቅ በየወሩ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ ብሎናል፣ ሲጎድል ዲስትልድ ውሃ ብቻ፣ አሲድ አይጨመርም። የቧንቧ ውሃማ ጭራሽ፣ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ የሚጋግረውን ታውቁታላችሁ አይደል አቦ።

የእጁን 500 ብር ነው የጠየቀን። አዲስ ባትሪ ሊሸጥልን ይችል ነበር እኮ፣ እኛም ለመግዛት ተዘጋጅተን ነው የሄድነው! አባዬ ግንባሩን ስሞ መረቀው፣ ከዛ ወዲህ ሦስቴ ሐረር ደርሶ መጥቷል በመጀመሪያው ቁልፍ ነው የምትነሳው። ፈጣሪ እጁን ይባርክለት።

የምትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ሙቀቱ በረድ ሳይል አይከፍትም።