ሲዲ ውጦ አልተፋም የሚለው ድራይቭ

ስለ ድሮው የዴስክቶፕ ሲዲ ድራይቭ ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ እወደዋለሁ። ይጮኻል፣ ቀርፋፋ ነው፣ ሲያረጅ ደግሞ ሲዲ ውጦ አልተፋም ይላል። ግን ችግሩ ይገኛል፣ በአግራፍና በካቻቢቴም ይጠገናል።

የማስወጫውን ቁልፍ ስትጫኑት ጭራሽ ዝም ካለ መጀመሪያ ዊንዶውሱን ጠርጥሩ። ሲዲው ላይ ያለ ፋይል የከፈተ ፕሮግራም ሲዲው የሚቀመጥበትን ትሪ ሊቆልፈው ይችላል። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉና ዊንዶውስ ገና ሳይነሳ ቁልፉን ተጫኑ። ያኔ ከወጣ ድራይቩ ደህና ነው፣ ብሎን መፍታት አያስፈልግም።

ሞተሩ እዝዝ ብሎ ትሪው ለአመል ያህል ነቅነቅ ካለና ከቀረ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛዋ አንዲት ቀጭን የላስቲክ ቺንጋ ናት። የሞተሩን ጉልበት ትሪውን ወደሚገፉት ጥርሶች የምታደርሰው እሷ ነች። ሲዲውን ከላይ የሚጫነው መያዣ በማግኔት የተያዘ ስለሆነ ትሪው ከመውጣቱ በፊት ማግኔቱ መላቀቅ አለበት፣ ከባዱ ሥራም እዚያ ጋ ነው። ላስቲክ ደግሞ በዕድሜ ይላላል። ሞተሩ ይዞራል፣ ቺንጋዋ ትንሸራተታለች፣ ትሪው ካለበት አይነቃነቅም። በእጅ ትንሽ ሲያግዙት እሺ የሚለውም ለዚሁ ነው።

አሁን ወደምወዳት ቀዳዳ ልምጣ። ድራይቩ ፊት ላይ የአግራፍ ጫፍ ብቻ የምታስገባ ቀዳዳ አለች፣ ስንቱ ሰው ለምን እንደተሠራች ሳያውቅ ኮምፒውተሩ አርጅቶበታል! መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ከኤሌክትሪክ ንቀሉት። ይቺን አትዝለሏት፣ 52 ኤክስ የሚባለው ድራይቭ ሲዲውን በደቂቃ እስከ 10,000 ጊዜ ገደማ ያዞረዋል። ከዚያ አግራፉን ቀጥ አድርጋችሁ ሳታጣምሙ ግፉት። ጫፉ አንድ ጠንከር ያለ ነገር ይነካል፣ እሱን ገፋ ስታደርጉት ትሪው ጥቂት ሚሊሜትር ብቅ ይላል፣ የቀረውን በጣት ሳቡት። በቢላ መፈልቀቅ ትሪውን መስበር ነው።

ቺንጋዋ በብዙዎቹ ድራይቮች ላይ ትሪው ሲወጣ ከፊት በኩል ከሥሩ ትታያለች። አውጥታችሁ እሷንም የምትዞርባቸውንም ፑሌጃዎች በአልኮል ጥረጉ። ያስቸገረው ቅባት ብቻ ከሆነ በዚህ ያበቃል። ከላላች ግን በልኳ አዲስ ቀይሩላት። አንዳንዱ ሰው "ያለሰልሳታል" ብሎ ግሪስ ይቀባታል፣ ያኔ ጭራሽ ጉድ ፈላ።

ትሪ የሌላቸው፣ ሲዲውን በስንጥቅ የሚውጡት ድራይቮች ግን ከእኔ ብዙ ነጥብ አያገኙም። ቆንጆ ናቸው፣ አልክድም። ብዙዎቹ ግን ቀዳዳዋ የላቸውም፣ ወረቀት የተለጠፈበት ሲዲ ወይም 8 ሴንቲሜትሩ ትንሹ ሲዲ ከገባባቸው ድራይቩን እስከመፍታት ሊያደርሳችሁ ይችላል። በድሮዎቹ የአፕል ማኮች ላይ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የማውሱን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ አንዳንዴ ያስተፋቸዋል። የላፕቶፖቹ መሀል ላይ ናቸው። ቀዳዳዋም አለቻቸው፣ በሞላ (በስፕሪንግ) ስለሚወጡም የቺንጋ ጣጣ የለባቸውም፣ ትሪያቸው ግን ስስ ነው። ለዴስክቶፑ ከአምስት አራት፣ ለላፕቶፑ ሦስት፣ ለስንጥቁ ሁለት ሰጥቻለሁ።

ደግሞ የወጣው ሲዲ መሀሉ ላይ ስንጥቅ ካለው መልሳችሁ አታስገቡት። በዚያ ፍጥነት ሲሽከረከር ውስጥ ሊበታተን ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ስብርባሪውን ከሌንሱ ላይ መልቀም ነው።