«ኖር!» ለሚሉን እትዬ

የሐዋሳ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? ይቺን ምስጋና ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ።

የባጃጅ ሹፌር ነኝ። አምና እግሬ ተሰብሮ አራት ወር ቤት ዋልኩ። ባጃጁ የሰው ነው፤ ካልነዳሁ ገቢ የለም። ተበድሬ ተበድሬ ሲያልቅብኝ፣ በነፃ ምሳ ወደሚበላበት አንድ ግቢ በክራንች ሄድኩ።

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የማውቀው ተሳፋሪ እንዳያየኝ ዙሪያዬን እቃኛለሁ። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ዘይት አስይዘው ፎቶ አንስተውኝ ነበር። ፎቶውን ልጄ በጓደኛዋ ስልክ ላይ አየችው። ዘይቱ በሦስት ሳምንት አለቀ፤ ፎቶው አሁንም ፌስቡክ ላይ አለ።

እትዬ (ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲህ ነው) ጭልፋ እንደያዙ ወጡና «ግባ እንጂ ልጄ፣ ምሳው ሊበርድ ነው» አሉኝ። ማነህ፣ መታወቂያህስ የለም። ማንቆርቆሪያ አንስተው ራሳቸው አስታጠቡኝ።

አንድ ቀን ልብሳቸው ያለቀ ሽማግሌ ገቡ። እትዬ ሽሮ እያወጡ ነበር። ጭልፋውን አስቀምጠው ብድግ አሉና «ኖር!» አሉ። ሁላችንም ተነሳን፣ እኔም በአንድ እግሬ። ሽማግሌው ለእሳቸው መሆኑ አልገባቸውም መሰለኝ፣ ዞረው ወደ ኋላቸው አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው «በእግዜር፣ በእግዜር! ተቀመጡ» አሉ።

ምግቡ ሁልጊዜ የጾም ነው። ለምን ስላቸው «ሥጋ ከሠራሁ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በሁለት ማዕድ ልለያቸው ነው፤ ረቡዕና አርብ ደግሞ የሚጾመው ምን ሊበላ?» አሉኝ። ለልጄ ሲሰጡኝም ወጥ በፌስታል አይቋጥሩም። «ምሳ ዕቃዋን ይዘህ ና» ነው የሚሉት። ልጄ እስካሁን ከዘመድ ቤት የመጣ ይመስላታል።

ተዝካር፣ ልደት፣ ስለት ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ ወደ እሳቸው ሂዱ። ግን አስቀድማችሁ የጎደለውን ጠይቁ። ባለፈው ሁሉም ፓስታ ይዞ መጥቶ ሽንኩርት የሚባል ጠፍቶ ነበር። ስልካችሁንም ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት፤ እትዬ ካሜራ ካዩ ፊታቸው ይለወጣል። ስሜን እንዳትጽፍ ብለው ስላስማሉኝ ነው ያልጻፍኩት።

ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። እግሬ ድኗል፣ ሥራ ጀምሬያለሁ። ከፒያሳ ዕቃ ይዞ ለሚሄድ ሒሳብ አልቀበልም። ሁለት ኩንታል ከሆነ ግን ሁለቴ እንመላለሳለን፤ ጎማዋ አርጅታለች።