ሲቴክ ኤምኤክስኤስ 5.0 የባትሪ ቻርጀር፦ ቆማ ለምትውል መኪና ምን ያህል ይጠቅማል?

መኪናዬ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቆማ ነው የምትውለው። ቪትዝ ናት፣ ኦቶማቲክ፣ ባትሪዋ ባለ 45 አምፔር። ሥራ የምሄደው በታክሲ ነው፤ የቤንዚኑ ዋጋና የፓርኪንግ ፍለጋው አያዋጣኝም። ቅዳሜና እሁድ ስትነሳም ሩቅ አትሄድም። ሾላ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ዘመድ ጥየቃ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ለባትሪ ከዚህ የከፋ ኑሮ የለም።

ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። መኪና ቁልፉ ተነቅሎም መብራት ይበላል። ሰዓቱ አለ፣ የሬዲዮው ሜሞሪ አለ፣ ኮምፒውተሩ አለ። እኛ አገር ደግሞ ሁሉም የሚያስገጥመው አላርም አለ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ምንም ችግር በሌለበት መኪና እንኳ እስከ 50 ሚሊአምፔር ሊደርስ ይችላል። ሲሰሙት ትንሽ ነው። በ24 ሰዓት ሲባዛ ግን በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ይሆናል፣ በወር 36። ከ45 ላይ 36 ተቀንሶ በሚተርፈው ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ማዞር ዘበት ነው። ርካሽ አላርም ወይም እንደ ነገሩ የተገጠመ ካሜራ ካለማ ወሩም አይሞላም።

የቤንዚን ሰልፉስ? ሰልፉ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ ታስነሳላችሁ፣ ሦስት ሜትር ትሄዳላችሁ፣ ታጠፋላችሁ። ሬዲዮው ግን አይጠፋም። ሞተሪኖው በተነሳ ቁጥር ከመቶ አምፔር በላይ ይስባል፤ ዲናሞው የተወሰደውን ለመመለስ ጊዜ አያገኝም። ክረምት ከሆነ ዝናብ መጥረጊያው፣ የፊት መብራቱና የኋላ መስታወት ማሞቂያው ይጨመሩበታል። ቤንዚን ሞልቶ ሲያበቃ ማደያው በር ላይ የቆመ መኪና ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ማኑዋል ከሆነ በሁለተኛ ማርሽ አስገፍቶ ማስነሳት ይቻላል። ኦቶማቲክን ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ቢገፋውም አይነሳም።

እንግዲህ ይህን ቻርጀር ያስገዛኝ ይህ ሁሉ ነው። የአጎቴ ልጅ ከስቶክሆልም ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። የስዊድን ኩባንያ ምርት ነው፤ አውሮፓ ውስጥ 100 ዩሮ አካባቢ ያወጣል። ለባለ 12 ቮልት ባትሪ ብቻ ነው፣ ቢበዛ 5 አምፔር ይሰጣል፣ ከሞተር ሳይክል ባትሪ ጀምሮ እስከ 110 አምፔር ሰዓት ድረስ ይሞላል። መዳፍ ላይ የሚያርፍ ጥቁር ነገር ነው። ፊቱ ላይ ከ1 እስከ 8 የተቆጠሩ መብራቶችና ፕሮግራም የሚመረጥበት አንድ ቁልፍ አሉት። 4ኛው ሲበራ መኪናው ሊነሳ ይችላል ማለት ነው፣ 7ኛው ሲበራ ባትሪው ሞልቷል።

ከተራ ቻርጀር የሚለየው መቼ ማቆም እንዳለበት ማወቁ ነው። ተራው ካልነቀላችሁት መስጠቱን አይተውም፤ ባትሪው ይፈላል፣ ውሃው ይተናል። ይሄኛው እስከ 14.4 ቮልት ይሞላና ወደ 13.6 ዝቅ ይላል። በዚያ ቢበዛ ለ10 ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ባትሪው ወረድ ሲል ብቻ ትንሽ ይሰጠዋል። ማታ ሰክቶ መተኛት ይቻላል። ወር ሙሉ ተሰክቶ ቢቆይም ምንም አይሆንም።

አሁን ወደ እኛ ኑሮ እንምጣ። ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ፓርኪንጉ ላይ ሶኬት የሚባል ነገር የለም። ደግነቱ ቤቴ አንደኛ ፎቅ ነው፣ መኪናዋም ከበረንዳዬ ሥር ትቆማለች። ኤክስቴንሽን በበረንዳው አወርዳለሁ። ቻርጀሩ ራሱ የዝናብ ፍንጣቂ አይበግረውም፤ ኤክስቴንሽኑ ላይ የሚሰካበት ቦታ ግን እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ መጋጠሚያውን መሬት ላይ አልተወውም፤ ኮፈኑ ሥር አስገብቼ ኮፈኑን ሳላጠብቅ ዝቅ አደርገዋለሁ። ከካርቶኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ማያያዣ ይወጣል። አንዱ የታወቀው መቆንጠጫ ነው። ሌላው ጫፉ ቀለበት የሆነ ገመድ ነው፤ አንዴ ባትሪው ላይ በብሎን ታስሮ እዚያው ይቀራል። እኔ ያሠርኩት ሁለተኛውን ነው። ገመዱ ከፊት ፍርግርጉ ብቅ ብሎ ይታያል፣ ጫፉ ላይ የጎማ ክዳን አለው። ክዳኑን ከፍቶ ቀጭ ማድረግ ብቻ ነው። ቀይ ጥቁር እያሉ በእጅ ባትሪ ብርሃን መፈለግ ቀርቷል።

የግቢያችን ጥበቃ ገመዱን መጀመሪያ ያዩ ሰሞን አልወደዱትም።

«ልጄ፣ ይሄ ሌሊቱን ሙሉ ሲበላ ያድራል። የቆጣሪው ነገር አያሳስብሽም?»

«አባባ፣ አንድ ሌሊት የሚበላው ምጣድ ሩብ ሰዓት የሚበላውን አያክልም።»

አላመኑኝም። ስሌቱ ግን ቀላል ነው። 5 አምፔር በ14.4 ቮልት ሲባዛ 72 ዋት ነው። የሚባክነው ተጨምሮ ለስምንት ሰዓት ቢቆይ አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል።

በጣም የወደድኩት ግን መብራት ሲሄድ የሚያደርገውን ነው። አንዳንድ ቻርጀር መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰው ወርዶ ቁልፍ እስኪጫነው ይጠብቃል። ይሄኛው በነበረበት ፕሮግራም ራሱ ይቀጥላል። መብራት ጠፍቶ ተሰክቶ ቢከርምም ከባትሪው የሚወስደው በወር ከ1 አምፔር ሰዓት ያነሰ ነው። እዚህ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለውጡን ቮልት በሚለካ ቴስተር ነው የምከታተለው። ጠዋት መኪናዋ ሳትነሳ እለካለሁ። ያረፈ ባትሪ 12.7 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ነው፣ ከ12 በታች ከሆነ ጭንቅ ነው። ድሮ ቅዳሜ ጠዋት 12.2 እና 12.3 ነበር የማነበው፤ ሞተሪኖው እየተጎተተ፣ የዳሽቦርዱ መብራት እየደበዘዘ ነበር የምትነሳው። አሁን 12.6 እና ከዚያ በላይ ነው፣ ቁልፉን ነካ ሲያደርጓት ትነሳለች። ባትሪው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፣ ገና ነው።

ኅዳርና ታኅሣሥ ሲመጡ ሰው ሁሉ ብርዱን ይረግማል። ብርድ የባትሪውን አቅም ለጊዜው ይቀንሳል እንጂ ባትሪን የሚገድለው ሙቀት ነው። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ የሚነዳ ሰው ባትሪ ቶሎ ቶሎ የሚቀይረው ለዚህ ነው። በቻርጀሩ ቁልፍ የሚመረጥ የበረዶ ስዕል ያለበት ፕሮግራም አለ። ከ5 ዲግሪ በታች ለሆነ ብርድና ኤጂኤም ለሚባሉት ባትሪዎች የተሠራ ነው፣ 14.7 ቮልት ይሰጣል። አዲስ አበባ ላይ ተራ ባትሪ ላለው ሰው የመኪና ስዕል ያለበት ፕሮግራም ይበቃዋል።

የማይሠራውን ደግሞ ልንገራችሁ። የሞተ አያስነሳም። ባትሪው ከ2 ቮልት በታች ከወረደ ጭራሽ አይጀምርም። የጎረቤቴ ኮሮላ ክረምቱን ሙሉ ሳትነሳ ከርማ ነበር። ሰካንላት። መሙላቱን እንደምንም ጨረሰ። 5ኛው መብራት ባትሪው የተሞላውን መያዙን የሚፈትንበት ነው፤ እዚያ ሲደርስ የስህተት ምልክቱ በራ። ባዶውን የከረመ ባትሪ ውስጥ እርሳሱ ላይ ነጭ ነገር ይጋገራል፣ ብዙ ከቆየ አይለቅም። ጎረቤቴ ባትሪውን ለቆራሌው ሸጦ አዲስ ሊገዛ ሶማሌ ተራ ወረደ። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። አዲስ ባትሪ መግዛት ይኑርባችሁ አይኑርባችሁ ሻጩን ሳትጠይቁ ታውቃላችሁ።

አጣዳፊ ነገር ላይም አይሆንም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መኪናው አልነሳም ካለ 5 አምፔር አይደርስላችሁም፣ ባዶ ባትሪ ሌሊት ሙሉ ይፈልጋል። ለዚያ ቀን የባትሪ ኬብል መኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይኑር። ቀዩን መጀመሪያ የሞተው ፖዘቲቭ ላይ፣ ቀጥሎ የደህናው ፖዘቲቭ ላይ። ጥቁሩን የደህናው ኔጋቲቭ ላይ፣ የመጨረሻውን ጫፍ የሞተው መኪና ሞተር ብረት ላይ፣ ከባትሪው ራቅ አድርጎ። ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ የመጨረሻው ማገናኛ ብልጭ ስለሚል እሱ አጠገብ ባይሆን ይሻላል። ሲነቀል የኋላው ፊት ይሆናል። በኪስ የሚያዙት ሊቲየም ማስነሻዎችም አሉ። አንድ ርካሽ ገዝቼ ነበር፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። መኪና ውስጥ ከርሞ በፈለግሁት ቀን እሱ ራሱ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ሞተሩን አስነስታችሁ ባትሪው ላይ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ዲናሞው ደህና ነው። ካነሰ ኤሌክትሪሺያን ጋ ሂዱ፤ ቻርጀሩ በሽታውን ይሸፍንላችኋል እንጂ አያድንም። በየቀኑ ረጅም መንገድ የምትነዱ ከሆነም ይቅርባችሁ፣ ዲናሞው ይበቃችኋል።

አራተኛ ፎቅ ለምትኖሩት ደግሞ ባትሪውን ፈቶ ማውጣት የግድ ነው። ከአሥር ኪሎ በላይ ነው፣ ደረጃውን አስቡት። መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍቱ። ሰዓትና የሬዲዮ ጣቢያዎች ይጠፋሉ፣ አንዳንድ መኪና ላይ ሬዲዮው ኮድ ይጠይቃል። ቻርጅ የምታደርጉት በረንዳ ላይ ይሁን፤ ኩሽና ውስጥ፣ ምድጃ አጠገብ በፍጹም አይሆንም፣ በዚያው በጋዙ ምክንያት። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ላለ ሰው ጥሩ ማስነሻ ገዝቶ ማስነሻውን በየወሩ መሙላት ይቀለዋል።

«ሪኮንድ» የሚለው ፕሮግራም እስከ 15.8 ቮልት ይሄዳል። በጣም ለወረደ የውሃ ባትሪ ነው። እኔ ባትሪውን ከመኪናዋ ሳልለይ አልነካውም። ቻርጀሩ የመጨረሻውን ምርጫ ስለሚያስታውስ ደግሞ ስትጨርሱ ወደ መኪናው ስዕል መልሱት፣ አለዚያ በሚቀጥለው ስትሰኩት እዚያው ይጀምራል።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ወዳጆቼ ይጠይቁኛል። በፈረንጆቹ 2024 ላይ የቤንዚን መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። አዎ፣ እነሱም ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሱ ካለቀ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነቃም። ግን ቢዋይዲን የመሳሰሉት ብዙ ሞዴሎቻቸው ላይ ይህ ባትሪ ሊቲየም ነው። ይሄ ቻርጀር ለእርሳስ አሲድ ባትሪ የተሠራ ስለሆነ የባትሪውን ዓይነት ሳታዩ አትሰኩት።

ከአሜሪካ በዘመድ የምታስመጡ ከሆነ ቻርጀሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን የቮልት መጠን አስነብቡ። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራው እኛ ሶኬት ላይ ይቃጠላል። የአውሮፓው ሶኬታችን ላይ በቀጥታ ይገባል።